ዶርም ወይስ ኪራይ? ለላስታ ተማሪ የተሰጠ የማያዳግም ምክር

ተማሪ ሆይ፣ አስቀድመህ ተረጋጋ። ግቢ ውስጥ ልደር ወይስ ውጪ ልከራይ የሚለው ጥያቄ በችኮላ የሚመለስ አይደለም። ለመወሰን ሦስት ነገሮች ያስፈልጉሃል፤ ሰፊ ጊዜ፣ የሰከነ አእምሮ እና ምርጫ። ጊዜ አለህ፤ ክረምቱ ገና አላለቀም። አእምሮህንም አንጠራጠርም። የጎደለችህ ሦስተኛዋ ብቻ ናት፤ እሷንም ቢሆን ትምህርት ሚኒስቴር አንተን ላለማድከም ሲል ራሱ አስቦበታል። ሚኒስቴሩ ዩኒቨርሲቲ ይመድብልሃል፤ ዩኒቨርሲቲው ብሎክ ይመድብልሃል፤ በብሎኩ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ የክፍልህን ቁጥር ይነግርሃል። ከላይኛው አልጋና ከታችኛው የትኛው ላይ ልተኛ የሚለው ግን ለፍጥነትህና ለክርንህ የተተወ ነው። ነጻ ምርጫ ማለት እሱ ነውና አታባክነው።

ይህ ምክር የተጻፈው ለላስታ ልጅ ነው፤ ከብልባላ፣ ከገነተ ማርያም፣ ከሹምሸሃ፣ ከኩልመስክ ለሚነሣው። የአዲስ አበባ ልጅ ሌላ መካሪ ይፈልግ። እሱ ማደሪያ ሲያማርጥ የሚጠይቀው ዋይፋይ መኖር አለመኖሩን ነው። አንተ የምትጠይቀው እንጀራ ከየት ይመጣል ብለህ ነው። ጉዳዩን ከሥሩ ይዘኸዋል፤ ማደሪያን የሚመርጠው ጀርባ ሳይሆን ሆድ መሆኑን ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። የቀረው ዝርዝሩ ነው።

ደግሞስ በኪራይ ጉዳይ አንተን ማን ይመክራል? የመንደርህ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ሲያበቃ፣ አባትህ አህያ ጭኖ ላሊበላ ከተማ አመጣህና ከሁለት ያገርህ ልጆች ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ አስገብቶህ ተመለሰ። ዕድሜህ ገና አሥራ አምስት ቢሆን ነው። በዚያች ክፍል ከሰል ማቀጣጠል፣ ሽሮ ማንተክተክ፣ ከቧንቧ ወረፋ ጀሪካን አስቀድሞ ማሰለፍ፣ የወር ኪራይ ሲዘገይ ደግሞ ፊትን እንዴት አድርጎ ማሳዘን እንደሚገባ ተማርክ። ከእነዚህ አንዱም በብሔራዊ ፈተና አይወጣም፤ ቢወጣ ኖሮ የላስታን ልጅ የሚቀድመው አይኖርም ነበር።

የዚያች ክፍል ገዢ አከራይዋ አልነበረችም፤ ቅዳሜ ነበረች። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። አባትህ ወይም አንድ ጎረቤት ስንቅህን ይዞ ይመጣል፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ በሶ። የሚመጣ ሰው ከሌለ አርብ ከትምህርት እንደወጣህ ዳገቱን ተያይዘህ አንተው ትሄዳለህ፤ እሑድ ጓዝህን አዝለህ ትመለሳለህ። እንጀራው ሰኞ ለስላሳ ነው። ማክሰኞ አይከፋም። ረቡዕ ጫፍ ጫፉ ይደርቃል፤ ደግነቱ ረቡዕ ፆም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያየው የለም። ሐሙስ ሻጋታውን በጣትህ ትጠርግና ከትኩስ ሽሮ ጋር ታስማማዋለህ። አርብ ላይ ፆሙ እንደገና ይደርስልሃል። አባቶቻችን ፆሞቹን በሳምንቱ መሃልና መጨረሻ ሲያደርጉ የተከራይ ተማሪን ነገር ከግምት አስገብተው ነው የሚል ማስረጃ የለንም፤ ግን እንጠረጥራለን።

ዶርምም ቢሆን ፈጽሞ አላውቀውም አትበል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። ተፈታኙ በአውቶቡስ ይጫናል፣ ዶርም ይገባል፣ ካፌ ይበላል፣ ተፈትኖ ይወጣል። ምክንያቱ ኩረጃን መከላከል ነው ተብሏል። እኛ ግን እንግዳ ተቀባይነት ብለን ተርጉመነዋል፤ አገሪቱ ልጆቿን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ አሳድራ ታያቸዋለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጠሩት ጥቂት መሆናቸው ነው። ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በሪሚዲያል የሚገቡ ይጨመሩበታል። የቀረው ሕዝብ ስለ ዶርም ያለው እውቀት የፈተና ሳምንት እውቀት ነው። ስለዚህ ወንድምህ ገና ሳይጠየቅ «ዶርም እኮ ጥሩ ነው፤ ሦስቴ ያበላሉ» ሲል ከሰማኸው አታርመው፤ ያየው እውነት ነው።

እንግዲህ አልፈሃል እንበል። ወልድያ ደርሶሃል፤ ወይም ደሴ፤ ወይም ስሙን ካርታ ላይ የፈለግኸው ከተማ። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ሲወጣ ይዘህ እንድትመጣ የሚያዝህ የታወቀ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትህን ዋናውንና ኮፒውን፣ 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ትጥቁን ለምን እንደሚፈልጉት ከአራተኛ ፎቅ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ይገባሃል። ያልተጻፈውን እኛ እንጨምርልህ፤ ለሎከር ቁልፍ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ነጠላ ጫማ፣ ለስምንት ስልክ የሚበቃ የሶኬት ማከፋፈያ፣ የትኋን መድኃኒት እና በሶ።

በሶን አትናቅ። ዶርም ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነው፤ ፕሮክተሩም ምድጃ የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው። ሽንኩርት የጠበሰ ሁሉ ተይዟል። በሶ ግን እሳት አይፈልግ፣ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው። በውሃ ይበጠበጣል፤ ውሃ ከጠፋ በስኳር ይቃማል፤ ስኳር ከጠፋ በትዝታ ይዋጣል። የላስታ ገብስ ከሌሊት ብርድ ጋር የተጋፈጠው ለዚህ ቀን ነው።

ስለ ዶርም ሜቶችህ አንድ ሁለት ነገር። ስድስት ወይም ስምንት ትሆናላችሁ፤ ከስድስት ወይም ከስምንት ዞን። አንዱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ውዳሴ ማርያም ያደርሳል። አንዱ 11 ሰዓት ላይ ለሱብሒ ይነሣል። አንዱ ስልኩ ላይ መዝሙር ከፍቶ አብሮ ይዘምራል። ፈጣሪ የትኛውን እንደሰማ አናውቅም፤ አንተ ግን ሦስቱንም ሰምተሃል። መብራት ይጥፋ የሚል ወገንና ይብራ የሚል ወገንም ይነሣሉ። በሃሳብ ልዩነት የመጣ እንዳይመስልህ፤ የላይኛው አልጋ ተኚ አምፖሉ ፊቱ ላይ ነው፣ የታችኛው ደግሞ ጥላ ውስጥ ነው፣ ነገሩ በቃ ይኸው ነው። ብዙ የአገራችን ክርክር የሚታይበትን አልጋ ቢያውቅ ኖሮ ባጠረ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ካፌ እንግባ። ቁርስ፣ ምሳና እራት ተጠቃልሎ የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር። ኋላ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ደረሰ። በ15 ብር ሦስት ጊዜ ያበሉ የነበሩ ሰዎች እጅ ላይ ምን ዓይነት ጥበብ እንደነበረ ማንም አልመረመረም፤ ምስር ወጡ ውስጥ ምስር ፍለጋ የገቡት ተማሪዎች ብቻ በከፊል ያውቃሉ። ያም ሆኖ እዚህ ላይ በጥሞና አስብ። በላሊበላዋ ክፍል ሐሙስ ላይ ያለቀው እንጀራ ካፌ ውስጥ ሐሙስም አለ። አርብም አለ። ቀጭን ወጥ ግን ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ወጥ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ደግሞ አንተ ባደግክበት አገር ከቤተ ክርስቲያን ደወል ሌላ ብዙ አልነበረም።

ነጻ ነው ብለህ ግን አትጃጃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከመጣው የወጪ መጋራት ሥርዓት ወዲህ ተማሪ ሁሉ ውል ይፈርማል፤ የተማረበትን ከፊሉን፣ የበላበትንና ያደረበትን ደግሞ ሥራ ይዞ ሊከፍል። የካፌውን ትቶ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል «ነን ካፌ» ይባላል። እንግዲህ ዶርምም ኪራይ ነው። ልዩነቱ አከራዩ አይጨቀጭቅህም፤ ሥራ እስክትይዝ ይታገሥሃል። ሥራውን መቼ እንደምትይዝ ደግሞ አከራዩም አያውቅም፤ ሁለታችሁም ተስፋ በማድረግ ትኖራላችሁ።

ይህ ሁሉ እያለ ከግቢ ወጥተው የሚከራዩ ተማሪዎች አሉ። ምክንያታቸውን ብትጠይቃቸው ሁሉም አንድ መልስ አላቸው፤ «ለጥናት ጸጥታ ፈልጌ ነው»። ይህን ሲሉ ዓይንህን አይተው ከሆነ እመናቸው። ጸጥታው ግን ምን እንደሚመስል እንንገርህ። በስተቀኝህ ወፍጮ ቤት አለ። በስተግራህ የአከራይህ ልጅ ጊታር ጀምሯል። ከጣራው በላይ ዶሮዋ ቆርቆሮ ላይ ትራመዳለች። ከሁሉም የሚብሰው ግን ክፍልህ ውስጥ ካንተ በቀር ማንም አለመኖሩ ነው፤ ያልተነበበ ሞጁል ብቻውን ሰው ላይ ሲያፈጥ ምን እንደሚሠራ ዶርም ሜት ያለው ሰው አያውቅም።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከሆነ የደረሰህ ይህን ክፍል ሁለቴ አንብብ። እነዚህ ኮሌጆች በአብዛኛው ማደሪያ የላቸውም፤ ላሊበላም ተማር ሌላ ከተማ፣ ተከራይ ነህ። ስለዚህ የአከራይን ሳይንስ በቅጡ ማወቅ ይኖርብሃል። አከራይህን በመጀመሪያው ወር «እትዬ» በል። ከሦስተኛው ወር በኋላ «እማዬ» ማለት ትችላለህ፤ አስቀድመህ ካልካት ገንዘብ የለውም ማለት ነው ብላ ትጠረጥርሃለች። እሷ በበኩሏ ስትገባ «አንተ ልጅ» ትልሃለች፣ ውሃ ቀድተህ ስታመጣላት «ልጄ» ትልሃለች፣ የመብራት ቢል ሲመጣ «ተከራዩ» ትሆናለህ። የቤቱ ሕግ በቃል የሚተላለፍ ነው። መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጠፋል። ሂተር አይሰካም። በሩ 2 ሰዓት ላይ ይቆለፋል። እንግዳ አይገባም፤ ከገጠር የመጣ አጎት እንግዳ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጉዳይ ግን የሚወሰነው አጎትየው ምን ይዞ እንደመጣ ታይቶ ነው። ማር ይዞ ከመጣ ዘመድ ነው።

የተጻፈ ሕግ የለም ወይ ትል ይሆናል። አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። አንቀጹን ለአከራይህ ጮክ ብለህ ልታነብላት ካሰብክ አንከለክልህም። ብቻ ፍራሽህን አስቀድመህ ጠቅልል።

ይህ ጠብ ያንተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1231 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በጻፉት ደብዳቤ መምህራኑ የተማሪ ማደሪያ ኪራይን እንዲተምኑ ፈቅደዋል። የከተማው አከራይ ተማሪውን እንዴት ቢያስመርረው ነው ነገሩ ጳጳስ ዘንድ የደረሰው? በ1257 ደግሞ ሮበር ደ ሶርቦን የሚባል ቄስ ለድሆች የነገረ መለኮት ተማሪዎች ማደሪያ አቋቋመ። ዓለም የሚንቀጠቀጥለት ሶርቦን የሚለው ስም መነሻው ዶርም ነው።

ፓሪስ እንዲህ ስትቸገር የእኛ አገር ጉዳዩን ከጨረሰው ቆይቷል። በትውፊቱ አቆጣጠር ንጉሥ ላሊበላ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት አስፈልፍሎ ዐርፎ ነበር። ወደ እነሱ የሚወርደውን የድንጋይ ግድግዳ ልብ ብለህ ካየኸው ጎን ጎኑ ተቦርቡሯል፤ ባሕታውያን ይኖሩባቸው የነበሩ ጉድጓዶች ናቸው። ግቢ ውስጥ ማደር ማለት ያ ነው። ኪራይ የለ፣ ቢል የለ፣ ፕሮክተር የለ፤ ሎከር ማስገባት ቢያስቸግርም የሚቆለፍበት ነገር አልነበረም። አንዳንዶቹ ነዋሪዎች ከሞቱ በኋላም አልለቀቁም፤ አጽማቸው እዚያው ይታያል። እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ ውል የትኛውም አዋጅ አላሰበም።

ግቢ ውስጥ የነበረ ሁሉ ግን እዚያው አልቀረም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶችና በጎጆዎች ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተካሄደ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ከቅርሱ ራቅ ወዳለ ቦታ እንዲነሡ ተደርጓል። ለትውልድ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው በአንድ ደብዳቤ የውጪ ተከራይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ዶርምና ስለ ኪራይ ስትጠይቃቸው ዝም ብለው የሚያዩህ አላዋቂ ሆነው እንዳይመስልህ።

ግቢም ኪራይም አልፈልግም የምትል ከሆነ የቆሎ ተማሪውን ተመልከት። ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥእት ሊማር ዙር አምባ ይወጣል። ማደሪያውን ራሱ በእንጨትና በሣር ይሠራል፤ ስፋቷ ተኝቶ ለሚገላበጥ ሰው አትበቃም፤ እሱ ግን ሌሊቱን የሚያሳልፈው ቀለም በመቀጸል ስለሆነ አይገላበጥም። ስንቅ የሚልክለት የለም፤ ዘመድ እንዳያገኘው ብሎ አገር አቋርጦ የመጣ ነውና። አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ቁራሹን ይዞ ይመለሳል። መንደሩ ሁሉ ካፌው ነው፤ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ደግሞ የምግብ ካርድ ተቆጣጣሪ ነው። ከመረጥኸው እንመርቅሃለን፤ በአራት ዓመት ያልቃል ብለህ ግን እንዳትጀምረው።

ላሊበላ የምትከራይ ከሆነ ስለ ገና ሳናስጠነቅቅህ ብናልፍ በደል ነው። በኅዳር መጨረሻ አከራይህ ስለ እናትህ ጤና መጠየቅ ትጀምራለች። «ለገና አገርህ አትሄድም?» ትላለች። ሳምንት ቆይታ «እናትህ እኮ ትናፍቅሃለች» ትላለች። ክፍልህን ፈልጋው ነው። ለታኅሣሥ 29 ከየአውራጃው በእግርም በመኪናም ሕዝብ ይጎርፋል፤ ሜዳው፣ በረንዳው፣ የቤቱ ጥግ ሁሉ ይሞላል፤ ከተማው እግራቸውን አጥቦ ይቀበላቸዋል፤ አንተ ደግሞ አንድ ፍራሽ ይዘህ ለብቻህ ተኝተሃል። ብዙ ተማሪ ተቀይሞ ይሄዳል። እኛ የምንመክርህ እንድትቆይ ነው። ፍራሽህን ልቀቅና መሬት ላይ ተኛ። ምክንያቱ መንፈሳዊ መሆኑን ለአከራይህ ንገራት፤ እውነተኛውን ምክንያት ለአንተ እንንገርህ። መንገደኛ ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው፣ በሶው በያይነቱ ይፈታል፤ ለተማሪ ሳያካፍል የሚበላ ምዕመን ደግሞ ከቤቱ አልወጣም። ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉን ሲያቀርቡ አንተ ለጥር የሚበቃ ቋጥረህ ትቆማለህ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ድልብን ወርደህ ወልድያ ትገባለህ። ሰላም ሲሆን ስንቅ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ስልክ ይደውልልሃል፣ መናኸሪያ ሄደህ ትቀበላለህ። በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲደርስ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፉ፤ ግቢ ውስጥ ያለውም ውጪ የተከራየውም እኩል ሆነ። ከዚያ በፊት በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች አሉ። ስለ እነሱ እዚህ አንቀልድም። ከዚያ ወዲህ ግን የላስታ እናት ልጇ ምደባ ሲወጣለት ዶርሙ ስንት ሰው ይይዛል ብላ አትጠይቅም፤ መንገዱ በየት በየት ያልፋል ብላ ነው የምትጠይቀው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ይህ ጥያቄ የሁሉ ጥያቄ ሆኗል።

ስለዚህ ውሳኔህን በዚህ መንገድ ስጥ። የእናትህ እንጀራ ሳይሻግት ሊደርስህ የሚችልበት ቦታ ከሆንክ ተከራይ፤ ክፍሏ ጠባብም ብትሆን የራስህ ናት። እንጀራው መንገድ ላይ የሚሻግት ከሆነ ዶርም ግባ፤ ስለ ትኋን፣ ስለ አምፖልና ስለ ምስር ፍለጋ የሰማኸውን ሁሉ እርሳው። የመንግሥት ቀጭን ወጥ በጋሸና በኩል አያልፍም።

አሁን ወንድምሽ ይውጣና ካንቺ ጋር እንነጋገር። አንቺ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርሺ ካገርሽ ልጆች ጋር ክፍል አልተከራዩልሽም፤ ሴት ልጅ ብቻዋን አትቀመጥም ተብሎ ዘመድ ቤት ገባሽ። ዘመድ ቤት ኪራይ የለውም። ጠዋት ውሃ ትቀጃለሽ፣ ቤት ትጠርጊያለሽ፣ ሕፃኑን ታዝያለሽ፣ ከትምህርት መልስ ትጋግሪያለሽ፣ ማታ ሌላው ሲተኛ ደብተር ትገልጫለሽ፣ መብራት ይቆጥራል ይሉሻል። ሰው ሲጠይቅ «የእኅቴ ልጅ ናት፣ ልትማር ነው የመጣችው» ይባላል። ስንቅ የሚያመጣልሽ ሰውም ሲመጣ ስንቁ ለቤቱ ነው። ከዚያ ቤት ሆነሽ ከመቶው ጥቂቶቹ ውስጥ ከገባሽ፣ ምክር የምትሰጪው አንቺ ነሽ እንጂ እኛ አይደለንም።

አንድ ነገር ብቻ እንበልሽ። ዶርም ገብተሽ በመጀመሪያው ቀን ካፌ ስትሄጂ፣ ትሪ ይሰጡሻል፣ እንጀራው ተጋግሮ ጠብቆሻል፣ ወጡም ተሠርቷል፣ ማንም ነይ አንሺ አይልሽም። ቁጭ ብለሽ ብዪ። ስትጨርሺ እጅሽ የሌሎቹን ሳህን ለመሰብሰብ ይነሣል፤ መልሺው። ወንዶቹ በዚያ ሰሞን ወጡ ቀጠነ ብለው ለተማሪዎች ኅብረት ፊርማ ሲያሰባስቡ ወዳንቺም ይመጣሉ። ልክ ናቸው፣ ቀጥኗል። ብትፈልጊ ፈርሚላቸው፤ ግን መጀመሪያ ምሳሽን ጨርሺ፣ ጭማሪ ካለም ጠይቂ።